አመክንዮና ጸሎት በአንድ ጉባኤ፦ ከኪየቭ አጥቢያ ማኅበር የተነሣው የሊቅነት ቅርስ

ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ፣ ምእመናን ስለ ተስፋቸው ለሚጠይቃቸው ሁሉ የተዘጋጀ መልስ እንዲኖራቸው፣ መልሱንም በየዋህነት እንዲሰጡ ያስተምራል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። በዚህ ትምህርት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣምረዋል። መልስ ለመስጠት ማሰብና መማር ያስፈልጋል፤ በየዋህነት ለመስጠት ደግሞ መጸለይና ራስን መግዛት ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ሲለያዩ ጉዳቱ የሚታየው በአጥቢያ ላይ ነው። ሳይጸልይ የሚያስብ ክርክርን ያበዛል፤ ለማሰብ ሳይደክም የሚጸልይም ልጆቹ ሲጠይቁት መልስ ያጣል።

ይህን ጥያቄ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ሲታገሉበት ከኖሩት ክርስቲያናዊ ሕዝቦች መካከል ዩክሬናውያንና ሩስያውያን ይገኙበታል። አብያተ ክርስቲያናታቸው የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉ በመሆናቸው በዶግማ ከእኛ ይለያሉ። ነገር ግን ምክንያትን ከእምነት ጋር፣ የውጭን ጥበብ ከአባቶች ትምህርት ጋር ለማስማማት ያደረጉት ጥረት፣ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት ብዙ የሚያስተምር ነው። በተለይም የፍልስፍናና የሥነ አመክንዮ ትምህርታቸው ታላቅ ማእከል የተመሠረተው በአንድ አጥቢያ ማኅበር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. የወንድማማቾች ማኅበራት

በ16ኛው መቶ ዓመት የዛሬው ዩክሬን አብዛኛው ክፍል በፖላንድና ሊቱዌንያ መንግሥት ሥር ነበር። በ1596 በብሬስት ከተማ በተደረገው ስምምነት አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ጳጳሳት ከሮም ጋር ተባበሩ። ሕዝቡ፣ መነኮሳቱና ብዙዎቹ ካህናት ግን በቀደመ እምነታቸው ጸኑ። ጳጳስ ባነሰበት፣ መኳንንቱም እምነታቸውን በሚለውጡበት በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያንን ሸክም ከተሸከሙት መካከል የከተማ ነጋዴዎችና የእጅ ባለ ሙያዎች ያቋቋሟቸው የወንድማማቾች ማኅበራት ነበሩ።

የእነዚህ ማኅበራት ሥራ ለሰበካ ጉባኤ አባላት እንግዳ አይደለም። መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ሕሙማንን ይጠይቃሉ፤ ድኆችን ይረዳሉ፤ ሙታንን ይቀብራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ያሳድሳሉ። የልቪቭ ማኅበር ግን ከዚህ አልፎ ማተሚያ ቤትና ትምህርት ቤት አቋቋመ። መተዳደሪያ ደንቡን በ1586 የአንጾኪያው ፓትርያርክ ዮአኪም አጸደቁለት። የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ባለጸጋው ተማሪ ከድኃው እንዳይበልጥ፣ ብልጫ ቢኖር በትምህርት ብቻ እንዲሆን ይደነግግ ነበር።

በኪየቭ ደግሞ ሃልሽካ ሁሌቪቺቭና የተባሉ ባለ ርስት እመቤት በ1615 በከተማው ታችኛ ክፍል የሚገኝ ቦታቸውን ለገዳም፣ ለሕፃናት ትምህርት ቤትና ለመንፈሳውያን እንግዶች ማረፊያ ሰጡ። በዚያ ቦታ የኪየቭ ማኅበር ትምህርት ቤት ተከፈተ። የኮሳኮች የጦር አለቃ ፔትሮ ሳሃይዳችኒ ከሠራዊታቸው ጋር በማኅበሩ ተመዘገቡ፤ በ1622 ሲሞቱም ከሀብታቸው ለኪየቭና ለልቪቭ ማኅበራት ትምህርት ቤቶች ተናዘዙ። የመጀመሪያው የኪየቭ ትምህርት ቤት ኃላፊ ዮቭ ቦሬትስኪም በ1620 የኢየሩሳሌሙ ፓትርያርክ ቴዎፋኖስ የኦርቶዶክስን መዓርገ ጵጵስና በኪየቭ ሲመልሱ ሜትሮፖሊታን ሆነው ተሾሙ። የአንዲት እመቤት ቦታ፣ የአንድ ወታደር ኑዛዜና የብዙ ነጋዴዎች መዋጮ ተደምረው ለቤተ ክርስቲያን አባት ያስገኘ ቤት አቆሙ።

2. አመክንዮ ለምን አስፈለገ?

በ1631 የኪየቭ ዋሻ ገዳም አበ ምኔት የነበሩት ፔትሮ ሞሂላ በገዳማቸው ሌላ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተዋሐዱ፤ የኪየቭ ሞሂላ ኮሌጅ፣ በኋላም አካዳሚ፣ የተባለው ይህ ነው። ሞሂላ በ1633 ሜትሮፖሊታን ሆኑ።

ትምህርቱ በላቲን ቋንቋ መሰጠቱ ግን ከባድ ቁጣ አስነሣ። ብዙዎች መምህራኑ ሕዝቡን ወደ ሮም ሊወስዱ ነው ብለው ጠረጠሩ። መምህር ሲልቬስተር ኮሲቭ በ1635 ባሳተሙት የመከላከያ ጽሑፍ፣ መምህራኑን ለዲኒፐር ወንዝ ዓሦች ምግብ እናደርጋቸዋለን ብለው የዛቱ እንደነበሩ ተርከዋል። ኮሲቭ የሰጡት ምላሽ ቀላል ነበር። በዚያ ዘመን የአገሩ ፍርድ ቤት፣ ሸንጎና የሃይማኖት ክርክር የሚካሄደው በላቲን ነው። ቋንቋውንና የክርክሩን ሥርዓት የማያውቅ ሰው እውነት ይዞ ይረታል። ቤተ ክርስቲያን ንብረቷን የምታጣው፣ ልጆቿም ባላዋቂነት የሚሰደቡት ጠበቃ ስለሌላት ነው።

ተቃራኒዎቻቸውም ይህን ያውቁ ነበር። ንጉሡ በ1635 ለኮሌጁ የሰጡት ፈቃድ ትምህርቱ ከአመክንዮ በላይ እንዳይዘልቅ ይወስን ነበር። ይህ ክልከላ ራሱ ትምህርቱ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚመሰክር ነው።

ለመሆኑ ሥነ አመክንዮ ምንድን ነው? በኪየቭ እንደ ሌሎቹ የዘመኑ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። የመጀመሪያው ቃልን በትክክል መረዳት ነው። ሁለተኛው ቃልን ከቃል አገናኝቶ ፍርድ መስጠት ነው። ሦስተኛው ከሁለት ፍርዶች ወደ ድምዳሜ መድረስ ነው። ለምሳሌ፦ ለድኆች የተሰጠ ገንዘብ ሁሉ ለድኆች ብቻ ይውላል፤ ይህ ገንዘብ ለድኆች የተሰጠ ነው፤ ስለዚህ ይህ ገንዘብ ለድኆች ብቻ ይውላል። ይህ ትክክለኛ ድምዳሜ ነው። ነገር ግን፦ ደጋግ ሰዎች ሁሉ ይጾማሉ፤ እገሌ ይጾማል፤ ስለዚህ እገሌ ደግ ነው ብንል ስተናል። ደጎች ሁሉ ይጾማሉ ማለት የሚጾም ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለምና። በስብሰባ ላይ የሚነሡ ብዙ ጠቦች ከክፋት ይልቅ ከእንዲህ ያለ የተሳሳተ ድምዳሜ እንደሚወለዱ ልብ ያለው ይገነዘባል።

ሞሂላ ይህን መሣሪያ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አዋሉት። በእርሳቸው መሪነት በጥያቄና መልስ የተዘጋጀው የኦርቶዶክስ እምነት መግለጫ በ1642 በያሲ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ተመረመረ፤ ታርሞም በ1643 በአራቱ የምሥራቅ ፓትርያርኮች ጸደቀ። የኮሌጁ ምሩቃንም በየአህጉረ ስብከቱና በሩስያ የተከፈቱትን የካህናት ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ሞሉ።

3. በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ በአንድ ዓመት ያረፉ ሁለት ተማሪዎች

ይሁን እንጂ ኮሲቭን የተቃወሙት ሰዎች ሥጋት ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ካህኑ በላቲን ተምሮ ሲመለስ በሕዝቡ ቋንቋ መስበክ ከበደው። የአባቶችን ቃል ከመመገብ ይልቅ የመማሪያ መጽሐፉን ክፍልፋይ መድገም ለመደ። በ20ኛው መቶ ዓመት አባ ጊዮርጊ ፍሎሮቭስኪ በ1937 በፓሪስ ባሳተሙት የሩስያ ነገረ መለኮት ታሪክ፣ በዚህ ዘመን የኦርቶዶክስ ነፍስ በባዕድ ቅርጽ ውስጥ ገብታ ተጨንቃ ነበር ብለው አጥብቀው ተችተዋል።

ለዚህ ችግር የተሰጡትን ምላሾች በሁለት የአካዳሚው ተማሪዎች ሕይወት ማየት ይቻላል። ግሪጎሪ ስኮቮሮዳና ፓይሲ ቬሊችኮቭስኪ ሁለቱም በ1722 በፖልታቫ አካባቢ ተወለዱ፤ ሁለቱም በኪየቭ ተማሩ፤ ሁለቱም በ1794 አረፉ።

ስኮቮሮዳ ፈላስፋ ሆኑ። በካርኪቭ ኮሌጅ አስተማሩ፤ የቀረበላቸውን የቤተ ክርስቲያን ሹመት አልተቀበሉም። በመጨረሻዎቹ ሃያ አምስት ዓመታት ከመንደር ወደ መንደር በእግራቸው እየተዘዋወሩ በገበሬዎችና በወዳጆች ቤት አስተማሩ። ሦስት ዓለማት አሉ ይሉ ነበር፦ ታላቁ ፍጥረተ ዓለም፣ ታናሹ ዓለም የሆነው ሰው፣ ምሳሌያዊው ዓለም የሆነው መጽሐፍ ቅዱስ። በሦስቱም የሚታይና የማይታይ ባሕርይ አለ፤ ጥበብ ማለትም ከሚታየው ወደማይታየው መሻገር ነው። ሰው ራሱን ካወቀ እግዚአብሔር ለየትኛው ሥራ እንደፈጠረው ያውቃል፤ ከባሕርዩ ጋር የሚስማማውን ሥራ የሚሠራም ደስተኛ ይሆናል፤ ያለ ስጦታው ሹመት የሚይዝ ግን ራሱንም ሕዝቡንም ይጎዳል ብለው አስተማሩ። መጽሐፍ ቅዱስን በምሳሌ ብቻ ለመተርጎም ማዘንበላቸው ከቤተ ክርስቲያን መንገድ አንዳንድ ጊዜ ያርቃቸዋል። ፍልስፍናን ከላቲን ጉባኤ አውጥተው ለገበሬው ማቅረባቸው ግን ታላቅ ሥራ ነው።

ቬሊችኮቭስኪ ደግሞ መነኮሱ። ገና ወጣት ሳሉ የአረማውያን አማልክት ስም ከአበው ስም ይልቅ ይሰማበታል ያሉትን ትምህርት ቤት ትተው ሄዱ። በአቶስ ተራራ፣ ቀጥሎም በሞልዳቪያ ገዳማት ኖሩ። በዚያም የጥንት አባቶችን የጸሎትና የተጋድሎ መጻሕፍት ወደ ስላቮኒክ ቋንቋ መለሱ፤ ፊሎካሊያ ከተባለው ስብስብ የተረጎሙት በ1793 በሞስኮ ታተመ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አባ ፓይሲ ያገኟቸው የስላቮኒክ ቅጂዎች በስሕተት የተሞሉ ነበሩ። ስለዚህ ግሪክኛ ተማሩ፤ ቅጂን ከቅጂ አነጻጸሩ፤ ሰዋስውን መረመሩ፤ ደቀ መዛሙርታቸውንም ለዚህ ሥራ አሠለጠኑ። ትምህርት ቤቱን የሸሹት መነኮስ የጸሎትን መጻሕፍት ለሕዝባቸው የመለሱት የትምህርት ቤቱን መሣሪያ በመጠቀም ነበር።

4. ምእመናን እንደ አሳቢዎች

የአባ ፓይሲ ዘር በሩስያ በኦፕቲና ገዳም አበቀለ። ኢቫን ኪሬየቭስኪ የተባሉ ምሁር በጀርመን አገር ሄግልን ከመሰሉ ፈላስፎች ትምህርት ሰምተው ተመለሱ። በባለቤታቸው በናታሊያ ምክንያት ወደ ገዳሙ አባቶች ቀረቡ፤ ከ1847 ጀምሮም ከአባ ማካሪ ጋር የአባ ፓይሲን ሥራዎችና የአበውን መጻሕፍት ማሳተም ጀመሩ። በ1856 ባሳተሙት ጽሑፍ የተከፋፈለ ሰው ሙሉውን እውነት ሊያይ እንደማይችል ገለጹ። አእምሮ ብቻውን፣ ስሜት ብቻውን፣ ፈቃድም ብቻውን አይበቃም፤ ሁሉም በልብ ተሰብስበው በእምነት አንድ ሲሆኑ እውቀት ይፈጸማል።

ወዳጃቸው አሌክሴይ ኾምያኮቭም ምእመን ነበሩ። በወጣትነታቸው የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበሩ፣ በኋላም በርስታቸው የኖሩ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አንድነቷ በግዴታ የሚጠበቅ፣ ነጻነቷም በመለያየት የሚገለጥ አይደለችም፤ ነጻነትና አንድነት በፍቅር የሚገናኙባት ሕያው አካል ናት ብለው አስተማሩ። በ1848 የምሥራቅ ፓትርያርኮች ባወጡት መልእክት የእምነት ጠባቂ መላው የቤተ ክርስቲያን አካል፣ ሕዝቡም ጭምር መሆኑን ማስታወቃቸው ሐሳባቸውን አጸናላቸው። ይህ ትምህርት በኋላ “ሶቦርኖስት” ተባለ፤ በእኛ አነጋገር ጉባኤያዊ አንድነት ብንለው ይስማማል።

5. የግእዝ መጻሕፍት በሴንት ፒተርስበርግ

ከኪየቭ መምህራን የጀመረው ትምህርት በ19ኛው መቶ ዓመት በሩስያ የነገረ መለኮት አካዳሚዎች ሲበስል ወደ እኛም መጻሕፍት ደረሰ። በሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መምህር የነበሩት ቫሲሊ ቦሎቶቭ የአንድ አነስተኛ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ልጅ ነበሩ። ግእዝን ጨምሮ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ቋንቋዎች ተምረው በ1888 ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክና በውስጧ ስለተነሡ የነገረ መለኮት ክርክሮች ጻፉ።

የእርሳቸው ዘመን ተከታይ ቦሪስ ቱራየቭ ደግሞ በ1902 ስለ ኢትዮጵያ ገድላት ምንጭነት ሰፊ ጥናት አሳተሙ፤ የገድለ አቡነ ኤዎስጣቴዎስን የግእዝ ጽሑፍም አዘጋጁ። ደራሲው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበትን ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብንም ከሩስኛ ትርጉም ጋር ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው። የሩቅ አገር ሰው የገድላችንን ብራና በትጋት ሲመረምር፣ በየዕቃ ቤታችን ያለውን መጽሐፍ ለመመዝገብና ለመጠበቅ የእኛ ትጋት ምን ያህል መሆን እንዳለበት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቱራየቭ በ1917 እና 1918 በሞስኮ በተደረገው ታላቅ ጉባኤ አባል ነበሩ። ከጉባኤው 564 አባላት ከግማሽ የሚበልጡት ምእመናን ነበሩ። ጉባኤው መዓርገ ፓትርያርክን መለሰ፤ ለአጥቢያ አስተዳደርም ደንብ አወጣ። ኾምያኮቭ በጽሑፍ ያስተማሩት ጉባኤያዊ አንድነት በተግባር የተሞከረው በዚያ ነበር።

6. የእሳት ዘመን

ጉባኤው ገና ሳይፈጸም የኮሚኒስት አገዛዝ ተነሣ። የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ1922 ኒኮላይ ቤርድያየቭን፣ ሴሚዮን ፍራንክንና ኒኮላይ ሎስኪን የመሰሉ አሳቢዎች በመርከብ ከአገር ተባረሩ። ከስደተኞቹ መካከል አባ ሰርግዮስ ቡልጋኮቭና ሌሎችም በ1925 በፓሪስ የቅዱስ ሰርግዮስን የነገረ መለኮት ተቋም ከፈቱ። ስደተኛ ምእመናን ከድህነታቸው ባዋጡት ገንዘብና በወዳጆች እርዳታ የቆመ ቤት ነበር። አገሩን ያጣ ሕዝብ በመጀመሪያ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ ካህናት የሚማሩበት ጉባኤ ነው።

በአገር ከቀሩት መካከል ካህኑ ፓቬል ፍሎሬንስኪ ይታወሳሉ። የሒሳብ ሊቅ ነበሩ፤ በ1911 ቅስና ተቀበሉ፤ በ1914 ታላቁን መጽሐፋቸውን “የእውነት ዓምድና መሠረት” አሳተሙ። የሰው አመክንዮ ወደ እግዚአብሔር ምሥጢር ሲቀርብ ተቃራኒ የሚመስሉ ሁለት ቃላትን በአንድነት ለመያዝ እንደሚገደድ፣ ይህንንም በትሕትናና በተጋድሎ ካልሆነ መሸከም እንደማይችል አስረዱ። በዚያው ዘመን በካዛን ዩኒቨርሲቲ ኒኮላይ ቫሲልየቭ በሒሳብና በአመክንዮ መንገድ፣ የመቃረን ሕግ የማይሠራበት ሌላ አመክንዮ ሊታሰብ እንደሚችል ከ1910 ጀምሮ ያሳዩ ነበር። የፍሎሬንስኪን አቀራረብ ፍሎሮቭስኪን ጨምሮ የራሳቸው ወገኖች ተችተውታል፤ ሥላሴ አንድም ሦስትም ነው ስንል በባሕርይ አንድ፣ በአካል ሦስት ማለታችን ነውና፣ ትምህርታችን እርስ በርሱ የሚቃረን አይደለም። ሆኖም አባ ፓቬል የኤሌክትሪክ ምርምር በሚሠሩበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ የክህነት ልብሳቸውን ለብሰው ይገኙ ነበር። በ1933 ታስረው ወደ ሶሎቭኪ ደሴት ተላኩ፤ በታኅሣሥ 1937 በጥይት ተገደሉ።

አመክንዮ ራሱም ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ነበር። በ1946 የሶቪየት ገዢ ፓርቲ ትምህርቱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲመለስ ወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት የኪየቭ ተወላጅና የኪየቭ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ቫለንቲን አስሙስ የአመክንዮ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። እምነትን ያሳደደው መንግሥት እንኳ ትክክለኛ አስተሳሰብን ሳያስተምር ሀገር መምራት አልቻለም።

ዛሬ ሁለቱ ሕዝቦች በጦርነት ውስጥ ናቸው። የሁለቱ ተማሪዎች ሦስት መቶኛ ዓመት በሚታሰብበት በ2022፣ በግንቦት ወር፣ በካርኪቭ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የስኮቮሮዳ ቤተ መዘክር በሩስያ ሚሳይል ተቃጠለ። በአንድ የዕውቀት ምንጭ የጠጡ ሕዝቦች በዚህ መድረሳቸው ከባድ ሐዘን ነው። የጋራ መጽሐፍ ብቻውን ሰላምን እንደማይጠብቅ፣ እውቀት ከፍቅር ሲለይ ወንድምን ከወንድም እንደማያስጥል ያስረዳል።

7. ለአጥቢያችን የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ሁሉ ሦስት ቁም ነገሮችን እንይዛለን። አንደኛ፣ ሊቅነት የሚጀምረው ከአጥቢያ ነው። የኪየቭ አካዳሚ ሥር አንድ የስጦታ ቦታና የማኅበርተኞች መዋጮ ነበር። ለመምህሩ ደመወዝና ለተማሪው ቀለብ የሚመድብ ሰበካ ጉባኤ ከአንድ ትውልድ በላይ የሚዘልቅ ሕንፃ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የማሰብ መሣሪያ ከየትም ቢመጣ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ወደ ሕዝቡ ቋንቋና ወደ አባቶች ጸሎት ካልተመለሰ ካህኑን ከመንጋው ይለያል። ሦስተኛ፣ የእምነት ጥበቃ የካህናት ብቻ አይደለም። ኪሬየቭስኪ፣ ኾምያኮቭ፣ ቱራየቭ ምእመናን ሆነው ለቤተ ክርስቲያን አስበዋል፤ የአጥቢያው መምህር፣ ሐኪም፣ ሒሳብ ሠራተኛና ገበሬም ለዚህ ተጠርተዋል።

የሚከተሉት ጥያቄዎች በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ለውይይት ሊቀርቡ ይችላሉ።

- ከአጥቢያችን ዓመታዊ በጀት ለትምህርት የሚውለው ምን ያህል ነው? ለሕንፃ ከሚውለው ጋር ሲነጻጸር ምን ይነግረናል?
- ወጣቶቻችን ስለ እምነታቸው ሲጠየቁ የሚቸገሩባቸው ሦስት ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው? መልሱን በሚገባቸው ቋንቋ የሚያዘጋጅ ማን ነው?
- የአገልግሎት ድርሻ የምንሰጠው በእያንዳንዱ ሰው ስጦታ ነው ወይስ በቅርበትና በዕድሜ?
- በዕቃ ቤታችን ያሉት የብራና መጻሕፍት ተመዝግበዋል? በማን ኃላፊነት፣ በምን ሁኔታ ይጠበቃሉ?
- ባለፈው ስብሰባችን ከተነሡት አለመግባባቶች አንዱን ወስደን እንመርምር፦ ልዩነቱ የመጣው ከእውነታው ነው ወይስ ከተሳሳተ ድምዳሜ?

የማኅበርተኞቹን መዋጮ የባረከ አምላክ የእኛንም ጥቂት ይባርክልን። አሜን።